ጳጉሜ የጠፋችበት ሠንጠረዥ፦ "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን" ስንል ምን እያልን ነው?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር የለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሴ ስህተት ነው። ረዘም ይላል፣ ግን ዋጋ መዝግባችሁ የምታወዳድሩ ነጋዴዎች፣ ደላሎች፣ የማኅበር ሒሳብ ያዦች እስከ መጨረሻው ብታነቡት ይጠቅማችኋል። እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ነው። በእርግጥ የከፈልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሰው ነው የከፈለልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ማለትም ነሐሴ 2017፣ ስለ በግ ዋጋ አንድ ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። የ2016ን መዝገቤን ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 1 ፊልተር አድርጌ አወጣሁና "በእንቁጣጣሽ ሰሞን የበግ ዋጋ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም፣ እስከ በዓሉ ዋዜማ መጠበቅ ብዙ ትርፍ የለውም" ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቻችሁ አነበባችሁት፣ አጋራችሁትም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ጠዳ መንገድ ዳር ቆሜ ወደ አዘዞ የሚሄድ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ቻናሉን የሚያነብላቸው እሱ ነው። ክረምቱን አራት በግ ሲያደልቡ ከርመዋል። ጽሑፌን ልጃቸው ሲያነብላቸው "እንግዲህ ምን እጠብቃለሁ" ብለው ነሐሴ 26 ቀን አራቱንም ሸጡ። ጳጉሜ ላይ ጎረቤታቸው ከእሳቸው የከሳ በግ ይዘው ወጥተው ከእሳቸው በላይ ሸጠው ገቡ። አልተቆጡኝም። ትክ ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ያንተ ኮምፒውተር ጳጉሜን አያውቃትም እንዴ?" አሉኝ።

"ይቅር ይበሉኝ እናቴ፣ አይቼው እነግርዎታለሁ" አልኩና ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ። እውነታቸውን ነው። አያውቃትም።

📌 ምን ተፈጠረ?

እኔ ዋጋ የምጽፈው መጀመሪያ በደብተር ነው፣ ማታ ወደ ኤክሴል አስገባዋለሁ። ቀኑን የምጽፈው እንደ ሁላችን በእኛ አቆጣጠር ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ሲሆን 20/12/2016 እላለሁ። ኤክሴል ግን ይህን ሲያይ "ነሐሴ" አይልም። በፈረንጆቹ 2016 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛው ወር፣ ማለትም ዲሴምበር 20 ነው ብሎ ይይዘዋል። በውስጡ ደግሞ ቀን የሚባል ነገር የለውም፣ ከፈረንጆቹ 1900 መጀመሪያ አንስቶ የሚቆጥር ተራ ቁጥር ነው ያለው። የእኔ "ነሐሴ 20" በሆዱ ውስጥ 42724 ናት።

ለብዙ ጊዜ ይህ ችግር መስሎ አልታየኝም። ነሐሴን ዲሴምበር ብሎ ቢይዘውስ? ቅደም ተከተሉ እስካልተዛባ ድረስ ፊልተሩ ይሠራል ብዬ ነበር። አብዛኛውን ጊዜም ይሠራል፣ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚሳሳት መሣሪያ ቶሎ ይጣላል፣ በዓመት ሰባት ቀን ብቻ የሚሳሳተው ግን ይታመናል።

ሰባቱ ቀናት የትኞቹ ናቸው? የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ነው፣ በአራት ዓመት አንዴ 29 ይሆናል። የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ደግሞ 30 ቀን ነው። ስለዚህ ጥቅምት 29 እና 30 ቀን 2017ን 29/2/2017 እና 30/2/2017 ብላችሁ ስትጽፉ ኤክሴል "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ይላል። በአፉ ግን አይናገርም። ስህተት ነው ብሎ ቀይ ምልክት አያወጣም። ዝም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፣ "ጤፍ" ወይም "በግ" ብላችሁ እንደጻፋችሁት ማለት ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባልማ ከነጭራሹ አያውቅም። 3/13/2016 ስትሉት አምስቱም የጳጉሜ ቀናት ጽሑፍ ሆነው ይቀመጣሉ።

ከዚያ በኋላ "ከ20/12/2016 እስከ 1/1/2017 ያለውን አውጣልኝ" ስትሉት ቁጥር የሆኑትን ብቻ ያመጣል። ጽሑፍ የሆነ ነገር በሁለት ቁጥሮች መካከል ሊገኝ አይችልም። አቬሬጅኢፍስ የሚባለው ፎርሙላም እንዲሁ ዘሎ ያልፋቸዋል። መስመሮቹ ሠንጠረዡ ላይ አሉ፣ ዋጋቸውም አለ፣ መልሱ ውስጥ ግን የሉም።

ጠፉ የተባሉትን ቀናት አስቡት እስቲ። በዓመቱ ውስጥ የበግ፣ የዶሮ፣ የቅቤና የሽንኩርት ገበያ ከሚደምቅባቸው ቀናት ውስጥ ጳጉሜ አንዷ ናት። እኔ ስለ በዓል ገበያ ጽፌ የበዓሉን ገበያ ራሱን አውጥቼ ጥዬዋለሁ።

📌 ሒሳቡ ምን ያህል ያሳስታል?

ትክክለኛ ዋጋ ሳይሆን ለማስረዳት የሚመች ክብ ቁጥር ልጠቀም። በገደቡ ውስጥ 14 መዝገብ አለኝ እንበል። ዘጠኙ ከነሐሴና ከመስከረም 1 ናቸው፣ ሁሉም 8,000 ብር። አምስቱ የጳጉሜ ናቸው፣ ሁሉም 10,000 ብር። ጳጉሜ ስትጠፋ አማካዩ 8,000 ይወጣል፣ "ዋጋው አልተንቀሳቀሰም" ያስብላል። ጳጉሜ ስትመለስ አማካዩ 8,700 ገደማ ይሆናል።

ግን ልብ በሉ፣ 8,700ም ቢሆን ለእኒያ እናት የሚያስፈልጋቸው መልስ አይደለም። በዚያ ዋጋ የተሸጠ አንድም በግ የለም። እሳቸው ማወቅ የሚፈልጉት "ነሐሴ መጨረሻ ስንት ነበር፣ ጳጉሜ ላይስ ስንት?" የሚለውን ነው። ገደቡ ለሁለት መቆረጥ ነበረበት። ያን ጊዜ በአንድ በግ 2,000፣ በአራት በግ 8,000 ብር ልዩነት ፊት ለፊት ይታያል። ስለዚህ ስህተቴ ሁለት ነው፦ አንደኛ ጳጉሜን ጣልኩ፣ ሁለተኛ ሁለት የተለያዩ ገበያዎችን በአንድ ገደብ ውስጥ ጨፍልቄ ልናገር ሞከርኩ።

📌 ፋይላችሁ ታሞ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

ዛሬ ማታ ልትሠሩት የምትችሉት አራት ምርመራ አለ።

1. መቁጠር። ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። በገደቡ ውስጥ በደብተራችሁ ላይ ስንት መስመር አለ? ፊልተሩ ያመጣውስ ስንት ነው? የእኔ ደብተር 14 ይላል፣ ፊልተሩ 9 ብቻ አምጥቶ ነበር። አማካዩን ከማየቴ በፊት ብቆጥር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

2. ከነሐሴ 30 ቀን 2016 እስከ መስከረም 1 ቀን 2017 ስንት ቀን ነው? ኤክሴልን ቀንሱበት። 2 ይላችኋል። በእኛ ግን ጳጉሜ በመካከል ስላለች 6 ቀን ነው።

3. 1/1/2017 ምን ቀን ይውላል በሉት። እሑድ ይላችኋል፣ ምክንያቱም የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 እሑድ ነበር። የእኛ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ረቡዕ ነው የዋለው። "የቅዳሜ ገበያን ብቻ አውጣልኝ" እያላችሁ የምትሠሩ ካላችሁ የምታወጡት የሌላ ቀን ገበያ ነው።

4. የቀኑን አምድ ዓይታችሁ እለፉ። አሰላለፉን ካልነካችሁት እውነተኛ ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ። የፊልተሩን ዝርዝር ስትከፍቱም በዓመትና በወር ያልተሰበሰቡ፣ ከታች ብቻቸውን የተንጠለጠሉ ቀናት ካያችሁ ጠፍተው የነበሩት እነዚያ ናቸው።

ኮምፒውተራችሁ በአሜሪካ አጻጻፍ፣ ማለትም ወርን አስቀድሞ እንዲያነብ ተደርጎ ከሆነማ ጉዳቱ ይብሳል። ነሐሴ 5ን 5/12/2016 ብላችሁ ስትጽፉ ሜይ 12 ይለዋል፣ ነሐሴ 20ን ደግሞ ሃያኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ያደርገዋል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀናት ይገለበጣሉ፣ የቀሩት ከጨዋታ ውጭ ይሆናሉ።

📌 መፍትሔው

ለስልክ ተጠቃሚ የሚሆነው ቀላሉ መንገድ ቀኑን በአንድ ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር መጻፍ ነው፦ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀጥሎ ቀን። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ማለት 20161220 ነው። ጳጉሜ 3 ማለት 20161303፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ማለት 20170101። ኮምፒውተሩ ይህን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ቁጥር ይይዘዋል፣ አሥራ ሦስተኛ ወር አለ የለም ብሎ አይከራከርም። ከ20161220 እስከ 20170101 ያለውን አውጣ ስትሉት ጳጉሜን ጨምሮ ያመጣል። አንድ ጉድለት አለው፦ ሁለቱን ቀናንሶ ስንት ቀን እንዳለ ማወቅ አይቻልም። ለፊልተር ግን ይበቃል።

ሁለተኛውና የተሻለው፣ ለብቻው የቀን ሠንጠረዥ መሥራት ነው። በአንድ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ትሰጣላችሁ። በመጀመሪያው አምድ የፈረንጁ ቀን፣ በቀጣዮቹ የእኛ ዓመት፣ ወርና ቀን፣ ከዚያ የሳምንቱ ቀን፣ ከዚያ "ጾም ወይስ ፍስክ"፣ ከዚያ "የበዓል ሰሞን ነው ወይ"። የዋጋ መዝገቡ በሌላ ገጽ ይቀመጥና ሁለቱ በፈረንጁ ቀን ይገናኛሉ። ፓወር ፒቮት የምትጠቀሙ በዚያው ታገናኙታላችሁ፣ የማትጠቀሙ በቪሉካፕ ታመጡታላችሁ። ከዚያ በኋላ ፊልተር የምታደርጉት የዋጋ መዝገቡን በቀጥታ ሳይሆን በዚህ ሠንጠረዥ በኩል ነው። "የጳጉሜን ብቻ"፣ "የፍስክ ቅዳሜዎችን ብቻ" ማለት ይቻላል።

ሠንጠረዡን ስትሠሩ አንድ ቦታ ተጠንቀቁ። ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ የ2016 መስከረም 1 የዋለው በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ነው። ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ የካቲት 21 ቀን 2016 ድረስ ቀጥሏል፣ ያን ዕለት የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ገብታ አስተካከለችው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ለዚሁ ነው። "መስከረም 1 ሁሌም ሴፕቴምበር 11 ነው" ብሎ የተሠራ ሠንጠረዥ በዚያ ግማሽ ዓመት ውስጥ ቅዳሜን ዓርብ ያደርጋል። ቀጣዩ ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው፣ ከአሁኑ አስቡበት።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ዋጋ በስልክ ፎርም የምትሰበስቡ ከሆነ ከቀኑ ጋር ሰዓትም ይመዘገባል። "እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ" ስትሉ ኮምፒውተሩ የሚረዳው እስከዚያ ቀን መጀመሪያ፣ እስከ እኩለ ሌሊቱ ነው። በዕለቱ ጠዋት 4 ሰዓት የተመዘገበው የዋዜማ ዋጋ ይቀራል። ስለዚህ መድረሻውን ሁልጊዜ "ከማግስቱ በፊት" ብላችሁ ጻፉ፦ ከመነሻው ቀን ጀምሮ (>=)፣ ከመድረሻው ማግስት በፊት (<)።

📌 ፊልተሩ ትክክል ሆኖም መልሱ ሊሳሳት ይችላል

ይኸ ለአንባቢም ለጸሐፊም ነው። ቀኑ ሁሉ ቢስተካከልም የምናወዳድራቸው ሁለት ገደቦች አንድ ዓይነት ነገር ካልያዙ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

ዐቢይ ጾምን ውሰዱ። የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፣ ጾሙ የገባው መጋቢት 2። የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር፣ ጾሙ የገባው የካቲት 17። አሁን አንድ ሰው "ከየካቲት 17 እስከ 30 የእንቁላልና የቅቤ ዋጋ ከዓመት ዓመት እንዴት ነበር?" ብሎ ቢያወዳድር፣ በ2016 ያ ጊዜ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም ነበር፣ በ2017 ግን ገብቷል። ቀኑ አንድ ነው፣ ገበያው ግን ሌላ። ልዩነት ቢያገኝ የዋጋ ሳይሆን የባሕረ ሐሳብ ልዩነት ነው።

እንዲህ ላለው ዕቃ ገደቡን ከፋሲካ ወደ ኋላ ቁጠሩት። ከፋሲካ በፊት ያሉት 14 ቀናት በ2016 ከሚያዝያ 13 እስከ 26፣ በ2017 ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 11 ናቸው። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 3 ይሆናሉ። የሚወዳደሩት እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ያን ዕለት ሰኞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ፣ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ በአንድ ቀን ዘለለ። "የ2016 ክረምት አማካይ የዘይት ዋጋ" ብሎ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በአንድ ገደብ የሚያወጣ ሰው ሁለት የተለያዩ ዓለሞችን ደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ትልቅ ነገር የተለወጠበት ቀን ካለ ገደባችሁ እዚያ ላይ ይቆረጥ።

ሦስተኛው ጤፍ ነው። አዝመራው ገብቶ ተወቅቶ ጥር ላይ ገበያው ሲሞላና ክረምት ላይ ጎተራ ሲጎድል ዋጋው አንድ አይሆንም። "ከጥር እስከ ነሐሴ ይህን ያህል ጨመረ" የሚል ጽሑፍ ስታዩ "በየዓመቱ የሚጨምረው ነው ወይስ የዘንድሮ ብቻ?" በሉ። ጥርን ከጥር፣ ነሐሴን ከነሐሴ ማስተያየት ይሻላል።

አራተኛው የውጭ ድርጅቶች የሚያወጡት መረጃ ነው። በፈረንጅ ወር ነው የሚመጣው። ሴፕቴምበር 2024 ማለት ከነሐሴ 26 ቀን 2016 እስከ መስከረም 20 ቀን 2017 ያለው ነው፦ የነሐሴ ጭራ፣ ሙሉዋ ጳጉሜ፣ በዓሉ ራሱና የመስከረም ሁለት ሦስተኛ። ይህን "የመስከረም ዋጋ" ብሎ ተርጉሞ መለጠፍ ልክ አይደለም።

📌 ከእንግዲህ እዚህ ቻናል ላይ

የነሐሴውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም። ከላዩ ላይ ስህተት መሆኑን ጽፌበታለሁ፣ ምክንያቱም ያጋራችሁት ሰው ቢመለስበት ማወቅ አለበት። የ2016 መዝገቤን በሙሉ በአዲሱ የቀን ሠንጠረዥ አልፌበታለሁ፣ የ2017ቱንም ጀምሬያለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ዋጋ አነጻጽሬ ስለጥፍ ሦስት ነገር አብሮ ይኖራል፦ ከየትኛው ቀን እስከየትኛው ቀን፣ በገደቡ ውስጥ ስንት መዝገብ እንዳለ፣ በመካከል ጾም፣ በዓል ወይም ሌላ ትልቅ ነገር መኖሩ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉበት እኔን ጨምሮ ማንም ቢጽፈው አትሽጡበት፣ አትግዙበት።

እኒያን እናት ባለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ደብተሩን ይዤ ሄጄ የጳጉሜን አምስት መስመሮች አሳየኋቸው፣ ልጃቸው አነበበላቸው። ገንዘባቸውን አልመለስኩላቸውም፣ መመለስም አልችልም። "እንግዲህ ለገና አንድ ሁለት በግ አስሬያለሁ፣ ያን ጊዜ አጣርተህ ንገረኝ" አሉኝ። ለገና የማወጣው ቁጥር መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው፣ ገደቡም አብሮ ይጻፋል።

እናንተም ፋይላችሁ ላይ ጥቅምት 29ን፣ 30ንና ጳጉሜን ፈልጓቸው። ካጣችኋቸው ወይም ሌላ ያላየሁት ስህተት ካገኛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

መልካም ገበያ ይሁንላችሁ። ከጠዳ።